መጋዙ ዝም ሲል

ከከተማው በላይ ባለው ጫካ መግቢያ፣ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ሪባን ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ተወጥሮ በሚውልበት ቦታ፣ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ትቀመጥ ነበር። አንገቷ ላይ ፊሽካ፣ እግሯ ሥር የሻይ ቴርሞስ፣ ፊቷ ላይ ደግሞ መጪውን ሁሉ ወደመጣበት የሚመልስ ቁጣ። የጫካው ሠራተኞች ባለፊሽካዋ ይሏታል። ብስክሌተኞቹ የሚሏትን ግን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

ብስክሌተኛ ስል ዳቦ የሚያዞረውን ወይም ሥራ የሚሄድበትን ሰው ማለቴ አይደለም። እሱ ምስኪን ነው፤ ዳገት ሲያይ ወርዶ ይገፋል። እኔ የምለው ጎማው እንደ ክንድ የወፈረ ብስክሌት ገዝተው፣ ጉልበታቸውንና ክርናቸውን በፕላስቲክ ጠፍረው፣ እያለከለኩ ተራራውን የሚወጡትን፣ ከዚያ በዛፎቹ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ነፍሳቸውን ለፍሬን አደራ ሰጥተው ቁልቁል የሚወረወሩትን ነው። መንገዷን የሠሯት ራሳቸው ናቸው፤ ድንጋይ ለቅመው፣ መታጠፊያዎቿን በአፈር ደልድለው። እውነት ለመናገር ጥሩ አድርገው ሠርተዋታል። ጫካው ግን የእነሱ አይደለም። ዛፍ ይቆረጥበታል፣ ግንድ ይጎተትበታል፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዷ ትዘጋለች። ይህን ሲነግሯቸው የአባታቸውን ርስት የቀሟቸው ያህል ያማቸዋል።

ሲዘጋባቸው አንድ ዘዴ ነበራቸው። ሪባኑ ጋ ይቆሙና ጆሯቸውን ወደ ጫካው ይሰጣሉ። የሞተር መጋዙ እየጮኸ ከሆነ ይመለሳሉ። ዝም ካለ «ሠራተኞቹ ምሳ ገብተዋል» ይሉና ሪባኑን ፈትተው ያልፋሉ፤ ካለፉ በኋላም ጨዋነታቸውን ለማሳየት እንደነበረ መልሰው ያስሩታል። ብልጠት መስሏቸው ነው። ዛፍ ግን መጋዝ ሲጮህ አይወድቅም። ቆራጩ ግንዱን ጠርቦ ጠርቦ ጥቂት ሲቀረው መጋዙን ያጠፋል፣ መሬት ያስቀምጠዋል፣ በቀደደው ክፍተት ውስጥ ሽብልቅ ይሰካና በመዶሻ ይመታዋል። ዛፉ የሚሄደው ያኔ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እንጨት ሲቆረጥ ቆሞ አይቶ አያውቅም።

ባለፊሽካዋ ይህን የተማረችው ከባሏ ነው። በወጣትነቷ ችግኝ ጣቢያ ትሠራ ነበር፤ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አፈር እየሞላች፣ በያንዳንዱ አንዳንድ ዘር እየጣለች። እሱ የዛፍ ቆራጮች ቁንጮ ነበር። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ጥድ ሊጥል የመጣ ቀን ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው አጥር ላይ ተደረደሩ። መሬት ላይ ችካል ተከለና «ይህን ችካል በዛፉ እቸነክረዋለሁ» አለ። ዛፉ መጣ፣ ችካሉንም እንደ ምስማር መሬት ውስጥ አስገባው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እሷ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየችና «ትንሽ ወደ ቀኝ ተጣሟል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላየም። ችካል የሚለው ቅጽል ስምም እንደዚያ ወጥቶለት ቀረ። እሷ ታበቅላለች፣ እሱ ይጥላል፤ ሲጣሉም ይህንኑ እያነሱ ይሰዳደቡ ነበር። አንድ ሴት ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ሌላ ከተማ ዳሩ።

ቂመኛ ነበረች፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በልጅነቷ ድንጋይ ቢያደናቅፋት፣ ስትመለስ ፈልጋ በእርግጫ ትመታው ነበር። እናቷ «የዚችን ልጅ ጠላት እግዜር ይርዳው» ይሉ ነበር። ባሏ በዚህ ይስቅባታል። እሱ የሰው በደል ሌሊቱን አድሮበት አያውቅም፤ ሲነጋ ይረሳዋል፣ እሷም ስለ እሱ ሆና ታስታውስለታለች።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ችካል አንድ ትልቅ ጥድ ቆርጦ ጨርሶ፣ መጋዙን አጥፍቶ፣ ሽብልቁን ይመታ ነበር። ታናሽ ወንድሙ፣ ማለትም የእሷ ዋርሳ፣ ከላይ በኩል የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ይመለምላል። ዋርሳዋ በኋላ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ዛፉ መንቋቋት ጀመረ፤ ከታች፣ ከመንገዷ በኩል የቃጭል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ወንድሙ ጮኸ። ሮጦ ሲደርስ ወንድሙ ከግንዱ ሥር ተኝቷል፤ የግራ እግሩም ከጉልበቱ በታች እግር መሆኑን አብቅቷል። ጀርባው በጭቃ የተለሰነ አንድ ብስክሌተኛ በዛፎቹ መሀል ቁልቁል ሲሸሽ ለቅጽበት ታየው። ቃጭሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ብስክሌተኞች እግረኛ እንዲሰማቸው ደወል ያስራሉ። ይህ ግን የፋብሪካ ደወል አልነበረም። የፍየል አንገት ላይ እንደሚታሰረው ያለ፣ የሰነጠቀ፣ ቋ ቋ የሚል ቃጭል ነበር። ሰውዬውን ፈልጉ ተባለ፣ ተጠየቀ፣ ማንም አላወቀውም። ፊቱን ያየው ሰው የለም። ችካል ራሱ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ ቃጭሉን ሰምቼ ዞር ስል አዳለጠኝ አለ። ዝርዝሩን ስትጠይቀው «አዳለጠኝ አልኩሽ እኮ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም አልደገመችበትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በዚያ ቤት ግን የተወጋውም የረሳ ይመስል ነበር። ችካል መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስጠጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ብረት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ አሰረ፣ ጓደኞቹ የሚያመጡለትን የመጋዝ ሰንሰለት ጥርስ በጥርስ በክብ ሞረድ እየሳለ ያንጎራጉር ጀመር። ክራንቹን ከወንበሩ ጀርባ ያንጠለጥላል። የጎደለው እግሩ ሲያሳክከው ባዶውን ቦታ ያክና በራሱ ይስቃል። እሷ ይህን ሳቅ ስታይ አንጀቷ ይቃጠላል። ቂሙን እሱ ካልተሸከመው እኔ ለሁለት እሸከመዋለሁ አለች፣ ተሸከመችውም።

ከዚያ አደጋ በኋላ ሪባኑ ጋ ጠባቂ ይቁም ተብሎ ተወሰነ። እሷ የቆራጮቹ አለቃ ፎርማኑ ዘንድ ሄዳ ሥራውን ለመነች። ሰው ሁሉ ሌላ ቤተሰብ እንደ እሷ እንዳያዝን አስባ መሰለው፤ ፎርማኑማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ የፈለገችው ቃጭሉን ነው። ብስክሌተኛ ከመንገዱ ለዘላለም አይቀርም፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሲመጣም በፊቷ ነው የሚያልፈው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ጸሎቱን ተወችው፣ ቂሟን ብቻ ይዛ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። ቆራጩ መጋዙን አጥፍቶ ዛፉን ከመጣሉ በፊት በፊሽካ ሁለት አጭር ይነፋል፤ ልጣል ወይ ማለቱ ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ እሷ አንድ አጭር ትመልሳለች። ሰው ካለ አንድ ረጅም ትነፋለች፤ ያኔ ቆራጩ እጁን ይሰበስባል። ችካል እግሩን ካጣ በኋላ መጋዙን የያዘው ዋርሳዋ ነበር፤ ከእሷ ፊሽካ ውጪ የማንንም ቃል አያምንም።

ቃጭሉ እስኪመጣላት ድረስ በተገኘው ትበቀል ነበር። ጥሩ ሰው የሆነውን በጥሩ ትመልሰዋለች። «አንቺ ማነሽና ነው» ያላትን ግን በትሕትና ተለዋጭ መንገድ ታሳየዋለች፤ ያ መንገድ ከላይ ለጥ ያለ ይመስላል፣ ከመታጠፊያው በኋላ ግን እሾህ ብቻ ነው። ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሁለቱም ጎማዎች ተንፍሰውበት ሲመለስ «ውይ፣ እሾህ ነበረው እንዴ?» ትላለች። ቴርሞሷን ከፍታ ሻይ ስትቀዳ ያኔ ሻዩ ይጥማታል።

ያለ በቀል ደስ የሚላት መድኃኒት ቤት ስትሄድ ብቻ ነበር፤ እዚያ ትከበራለች። ባለመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሰው አክባሪ ነበር። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። የባሏን የሕመም ማስታገሻ ሲሰጣት በፓኮው ላይ ጠዋትና ማታ ብሎ በትልልቁ ይጽፍላታል፣ ቆሞ በር ድረስ ይሸኛታል፣ «ጋሼን እግዜር ይማርዎ በሉልኝ» ይላል። እሷም በዚህች ከተማ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው ትል ነበር። ባሏ ደግሞ አንድ ቀን እንተዋወቃለን፣ በክኒኑ ሳይሆን በሰውየው ነው የምድነው እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ዛፎቹ አናት ላይ ደርሳ፣ ነፋሱ ነፈስ ነፈስ እያለ ሳለ፣ ሰውየውን ከማየቷ በፊት ድምፁን ሰማችው። ቋ። ቋ ቋ። ከዳገቱ ሥር፣ ቀስ እያለ፣ እየቀረበ። ቴርሞሱን ልትከድን ይዛው ነበር፣ ሳትከድነው መሬት አስቀመጠችው። ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰውየውን ሠርታዋለች፤ ፊቱ ድንጋይ፣ ዓይኑ የጅብ። ከመታጠፊያው ብቅ ያለው ግን መነጽሩ በላብ የጨፈገገ፣ ጭቃ የነካካው፣ ፈገግ ያለ ባለመድኃኒት ቤቱ ነበር።

«እትዬ! እርስዎ ኖት እንዴ እዚህ የሚውሉት?» አለና ከብስክሌቱ ወርዶ እጅ ነሳ።

ምናልባት ቃጭሉን ከሌላ ሰው ገዝቶት ይሆናል ብላ አሰበች። እንዲሆንላትም ተመኘች፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ድምፅዋን አረጋግታ ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው። የአያቱ ፍየል አንገት ላይ የነበረ መሆኑን፣ ብስክሌቱን ከገዛ ጀምሮ መሪው ላይ ታስሮ ወርዶ እንደማያውቅ በኩራት ነገራት። ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀጠለ፤ ነገርን ነገር ያነሳዋል።

«እዚህ ተራራ ከመጣሁ እኮ ከዓመት በላይ ሆነኝ፣ እትዬ። የምሄድበት ሌላኛው ተራራ ስለተዘጋ ነው ዛሬ የመጣሁት። ምን ሆንኩ መሰለዎት፣ እዚች ታች ላይ አንድ እብድ ቆራጭ መዶሻ ወረወረብኝ። በጆሮዬ ጥግ ነው ያለፈው! ምን እንዳደረግኩት እንጃ። ወደ ጎን ታጥፌ ነፍሴን ይዤ በረርኩ። ልከሰው ነበር፣ ኋላ ምስኪን ነው ብዬ ማርኩት።»

ማርኩት አለ። እሱም ምንም ሳይታወቀው፣ ሄልሜቱን እያጠባበቀ፣ «ጋሼስ እግራቸው እንዴት ነው? አዲሱ ክኒን ተስማማቸው?» ሲል ጠየቃት።

ጫካው ውስጥ መጋዙ ይጮህ ነበር። እሷ ምን እንደመለሰችለት አታስታውስም። ከዚያ መጋዙ ዝም አለ። ባለመድኃኒት ቤቱ ጆሮውን ወደ ዛፎቹ ዘንበል አደረገና እንደ ሕፃን ደስ አለው።

«ምሳ ገቡ መሰለኝ። ልለፍ እንዴ?»

እዚያ ቦታ ከተቀመጠች ጀምሮ ማንንም አሳልፋ አታውቅም። አሁን ከወንበሯ ተነሳች፣ ሪባኑን በገዛ እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችለት።

«ይለፉ፣ ዶክተር» አለችው። «ዝም ብሏል።»

አመሰገናት፣ አጎንብሶ አለፈ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣና በመታጠፊያው ተሰወረ። ቃጭሉ ቁልቁል ሄደ። እሷ ሪባኑን አስተካክላ አሰረችው።

ሁለት አጭር ፊሽካ ከጫካው መጣ። ዋርሳዋ ልጣል ወይ ይላል።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ ደስ አላት። ደሟ ከእግሯ እስከ ራሷ ሲሞቅ ታወቃት። ፊሽካውን አፏ ውስጥ አድርጋ አልነፋችውም። ይጠብቅ። ሁሉም ይጠብቅ። ባሏ ባዶ ቦታ ሲያክ፣ በክራንች ገላውን ሊታጠብ ሲሄድ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስታለቅስ፣ ይህ ሰው በየቅዳሜው ጭቃ ሲቀባ ነበር። አንድ አጭር ብትነፋ ነገሩ አለቀ። ባትነፋም ተቆርጦ ያለቀውን ዛፍ የሚገፋ ነፋስ አለ። ሁለት አጭር እንደገና መጣ፤ አሁን ቶሎ ቶሎ፣ እንደ መጨነቅ ያለ ድምፅ ነበረው።

ያኔ አንድ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ገባባት። ዛፍ እየወደቀበት ያለ ሰው መዶሻ ለምን ይወረውራል? ዛፉ ሲንቋቋ ቆራጭ ወደ ማምለጫው ነው የሚሄደው፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን፤ ይህን ችካል ራሱ ስንት ሰው አስተምሯል። ዋርሳዋም አሁን መዶሻ ይዟል። ከታች ቃጭሉን ሲሰማ እሱስ ምን ያደርጋል? ጉንጯ እስኪያም ረጅሙን ነፋች፣ ሪባኑን በጥሳ፣ እየነፋች ሮጠች።

ዋርሳዋ ረጅሙን ሲሰማ መዶሻውን ጣለ። ዛፍ ግን አንዴ ከተነሳ ፊሽካ አይሰማም፤ ነፋሱ ከኋላው ገፋው፣ ተንቋቋ፣ ሄደ። ባለመድኃኒት ቤቱን ያዳነው ከጀርባው የመጣው ፊሽካ ነው። ምን ጥፋት አጠፋሁ ብሎ ፍሬን ይዞ ዞር አለ፤ ሰማዩ ሲጨልምበት ብስክሌቱን ጥሎ ወደ ቁጥቋጦው ዘለለ። ባለፊሽካዋ ስትደርስ መንገዷ ላይ ግንድ ተጋድሟል፣ ብስክሌቱ ከግንዱ ሥር እንደ ሽቦ ተጣምሟል፣ ቃጭሉም እንደ ሳንቲም ጠፍጥፏል። ሰውየው ክርኑ ደምቶ ቁጥቋጦው ሥር ቁጭ ብሏል። ዋርሳዋ ከላይ እየተንደረደረ ወረደ።

«እሳቸው ናቸው እለፍ ያሉኝ» አለ ባለመድኃኒት ቤቱ። ክስ አልነበረም፤ አልገባውም ነበር።

ዋርሳዋ ዞሮ አያት። እውነት ነው አለችው። የተጨፈለቀውን ቃጭል በእግሯ ጫፍ አሳየችው። እሱም አየው፣ ገባው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ጎሽ እንዲላት አልጠበቀችም ነበር፣ ግን የተናገረው ከጠበቀችው ሁሉ የባሰ ነው።

«ዛፉን የምጥለው እኔ ነኝ እኮ» አላት። «በእኔ እጅ ልታስገድይው ነበር?»

እጁን ዘረጋ። ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችው።

ቤት ስትገባ ባሏ ሰንሰለት ሞርሳ ላይ አስሮ ይሞርዳል። ቁጭ ሳትል፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ቃጭሉን፣ ባለመድኃኒት ቤቱን፣ ሪባኑን ከፍ ያደረገችበትን እጅ ሳይቀር። መዶሻው ላይ ስትደርስ ችካል ሳቅ አመለጠው። እስኪያነባ ሳቀ።

«ወረወረብኝ አለ? በእኔ ሞት! ልመታው ብፈልግማ ስቼ አውቃለሁ? ከፊቱ ነው የወረወርኩት፣ እንዲታጠፍ።»

«አዳለጠኝ ብለኸኝ አልነበር?»

ሳቁ ቆመ። ሞረዱን አስቀመጠ። ዛፉ ሲንቋቋ ጩኸቱ ለሰውየው አልተሰማውም ነበር፤ ስለዚህ ማምለጫውን ትቶ ወደፊት ሮጦ፣ መዶሻው በሚደርስበት ርቀት ገብቶ፣ ወረወረ። ሰውየው ታጠፈ። እሱ ለመመለስ ጊዜ አላገኘም። ይህን ሁሉ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ በዝግታ ነገራት።

«ያን እግር የሰጠሁት ሰውየው በሕይወት እንዲወርድ ነው» አላት። «ዛሬ ብትገድይው ኖሮ እግሬ የት ሄደ ልበል?»

እሷ የቀረውንም መስማት ፈለገች። ለምን ደበቅከኝ አለችው።

«አውቅሻለሁዋ። ለማላውቀው ሰው ብዬ፣ አንቺን ቤት አስቀምጬ፣ በገዛ እግሬ ገባሁ ብልሽ፣ ቂም የምትይዥው በእሱ ነበር? በእኔ ነበር እንጂ።»

ውሸት ነው ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን እውነት ነበር። እዚያው በቆመችበት ቂሙ ዞሮ ቤቱ ሲገባ፣ ከወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ያን የሚስቅ ፊት ይዞ ሲያያት ታወቃት። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ወጥታ ደጁን ጠረገች። የተጠረገ ደጅ ነበር።

በማግስቱ ባለመድኃኒት ቤቱ በእግሩ መጣ። ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ ላለማድረግ እየታገለ፣ «ምን አደረግኩዎት፣ እትዬ?» አላት። «አንድ ቀን ክፉ ተናግሬዎት አውቃለሁ?»

ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰዓት በእግሩ መጥቶላት ነበር። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግባ» አለችው። ዶክተርም፣ እርስዎም ቀረ። «መዶሻ የወረወረብህ እብድ ያውልህ። ልከሰው ነበር አላልክም? ክሰሰው።»

ሰውየው ገባ። ችካልን አየ፣ ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ሱሪ አየ፣ ክራንቹን አየ። ከዚያ ዓይኑ መስኮቱ ላይ የተደረደሩት የመድኃኒት ፓኮዎች ላይ ሄዶ ቀረ፤ ጠዋትና ማታ የሚለው የራሱ ጽሕፈት ነበር። ዓመት ሙሉ እግሩ እንዴት ነው ሲል ጠይቋል፣ እግሩ የት ቀረ ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። በከተማው ወሬው ሲወራ ሌላ ቀን፣ ሌላ ተራራ ይሆናል ብሎ ለራሱ ነግሮታል። በሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«መዶሻው ነካህ?» አለው ችካል።

«አልነካኝም።»

«እንዲያ ነው የፈለግኩት» አለውና ወንበር እንዲስብ በአገጩ አመለከተው። ሚስቱንም ሻይ እንድታመጣ ጠየቃት። አላመጣችም።

ሰውየው አለቀሰ። ያለቀሰው ከልቡ ነው፣ ይህን እሷም አልካደችም፤ ግን እያየችው አንጀቷ አልራራም። ምን ላድርግ እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። ችካል ምንም አታድርግ፣ ቀስ ብለህ ንዳ አለው። እሷ ግን መልሱን ካሰበችው ቆይታለች።

«ሪባኑ ጋ ሰው የለም» አለችው። «እኔን አስወጥተውኛል፣ ጥፋቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ትቆማለህ። በዚያ ልብስህ፣ በዚያ ሄልሜትህ፣ ጓደኞችህ እንዲያውቁህ።»

ቆመ። ፎርማኑ መጀመሪያ አላመነም፣ ከዚያ በነጻ የሚሠራ ሰው ማን ይጠላል ብሎ ፊሽካውን ሰጠው። ዋርሳዋ ሁለት አጭር ሲነፋ መንገዱን ደጋግሞ አይቶ የሚመልሰው እሱ ነው። ባለፊሽካዋ ከሥራ ብትወጣም በቅዳሜ እግሯን ለማፍታታት ወደዚያ መሄድ ለመደች። ከመንገዱ ማዶ ጉቶ ላይ ትቀመጥና ቴርሞሷን ትከፍታለች። ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ መጋዙ ዝም ብሏል እኮ ይሉታል፣ አይሆንም ይላል። ከሃዲ ይሉታል። በስንት ተገዛህ ይሉታል። አንዱ ብስክሌቱን አንስቶ በጎማው ጭቃ ረጨበት። ለእሷ ይሏት የነበረውን፣ እዚህ ለመጻፍ ነውር ያልኩትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ አሉት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የእሷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። አንድ ቀን እያፈረ መጥቶ ይቅር ብለውኛል ወይ ሲላት፣ ገና ነኝ አለችውና ሻይ ቀዳችለት፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁባት።

ከዚያ ቤቷ ትገባና የሰማችውን ስድብ ለባሏ ትተርክለታለች፣ በየተሳዳቢው ድምፅ። እሱ እየሞረደ ይስቃል። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ሲሳሳቁ ቆይተው ድንገት ጠየቀችው።

«ዛሬ ቢሆንስ? ያን ቃጭል እንደገና ብትሰማ?»

ችካል የሰንሰለቱን ጥርስ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየ፣ ብናኙን እፍ አለው።

«መዶሻው እጄ ላይ ካለ...» አለ፣ አልጨረሰውም።

እሷ ምንም አላለችም። የተሳለውን ሰንሰለት ተቀበለችው፣ ዘይት ቀባችው፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ አሁንም ምንም አላለችም። ችካል ዕድሜ ልኩን ዛፍ የጣለ ሰው ነው፤ ዝምታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቀና ብሎ አያት፣ እጁንም ቀስ ብሎ ወደ ክራንቹ ሰደደና ወንበሩን ወደ ማምለጫው፣ ወደ በሩ፣ ትንሽ ጠጋ አደረገ።